ክሎድ ሬንስ፦ ታሪኩ የሚታጠፍበት ሁለተኛው ሰው

«ካዛብላንካ»ን ያየ ሰው መጨረሻውን አይረሳም። ጭጋግ የሸፈነው የአውሮፕላን ማረፊያ ነው። ሃምፍሬይ ቦጋርት የሚጫወተው ሪክ የሚያፈቅራትን ሴት ከባሏ ጋር አሳፍሮ ሸኝቷል፤ በረራውን ሊያስቆም የመጣውን የናዚ ሻለቃም ተኩሶ ጥሏል። በጥድፊያ የደረሱት ፖሊሶች ትእዛዝ ይጠብቃሉ። የሪክ ነፍስ አሁን ያለችው በከተማዋ የፖሊስ አዛዥ፣ በሻምበል ሉዊ ሬኖ እጅ ነው። ሬኖ ቁመቱ አጠር ያለ፣ አለባበሱ ሽክ ያለ፣ ጉቦ የለመደ ሰው ነው። ካሜራው የእሱን ፊት ያሳየናል፣ ወደ ሪክ ይሄዳል፣ ተመልሶ ወደ እሱ ይመጣል። ከዚያ ሻምበሉ ሻለቃው መገደሉን ለፖሊሶቹ ይነግርና፣ ገዳዩ አጠገቡ ቆሞ ሳለ፣ የተለመዱትን ተጠርጣሪዎች ለቅመው እንዲያመጡ ያዛቸዋል።

ስለዚህ ትዕይንት ሲወራ ስሙ የሚነሳው ቦጋርት ነው፤ ኮቱና ባርኔጣው፣ ለኢንግሪድ በርግማን የተናገረው የስንብት ቃል። እኔ ግን ፊልሙን በደገምኩት ቁጥር ዓይኔ የሚያርፈው ሬኖን በሚጫወተው በክሎድ ሬንስ ላይ ነው። ሪክ የሚወስነውን ወስኖ ጨርሷል። ከዚህ በኋላ ይኑር ይሙት፣ የከፈለው መሥዋዕትነት ፍሬ ያፍራ ወይስ እስር ቤት ገብቶ ይቅር የሚለው ጥያቄ የተንጠለጠለው በሁለተኛው ሰው ላይ ነው። ያንን ቦታ ደካማ ተዋናይ ይዞት ቢሆን ኖሮ «ካዛብላንካ» ከ80 ዓመት በኋላ የሚታይ ፊልም አይሆንም ነበር ብዬ አምናለሁ።

ነገሩ በዚህ ፊልም ብቻ ቢሆን ኖሮ አጋጣሚ ነው ብለን ባለፍነው። ነገር ግን ከ1939 እስከ 1946 በተሠሩ ሦስት ታላላቅ ፊልሞች ውስጥ ሬንስ ይህንኑ ቦታ ይዞ እናገኘዋለን፤ (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። በሦስቱም ጀግናው ሌላ ሰው ነው። ክፉና ደግ ፊት ለፊት የሚገጥሙት ግን በጀግናው ሳይሆን በሬንስ ልብ ውስጥ ነው። ታሪኩም የሚታጠፈው እሱ በሚወስነው ወይም መወሰን በሚያቅተው ነገር ነው።

ዊልያም ክሎድ ሬንስ በ1889 በደቡብ ለንደን ተወለደ። አባቱም ተዋናይ ነበር፤ የቤቱ ኑሮ ግን ከእጅ ወደ አፍ ነበር። ልጁ የሠፈሩን የኮክኒ አነጋገር ይዞ ያደገ፣ በዚያ ላይ ደግሞ «ር»ን አስተካክሎ መጥራት የማይችል ኮልታፋ ነበር። ሴት ልጁ ጄሲካ እንደተናገረችው በልጅነቱ የቤተሰቡን ስም እንኳ «ዌይንስ» እያለ ነበር የሚጠራው። በዚህ አንደበቱ ነው ሂዝ ማጄስቲስ በተባለው የለንደን ቴአትር ቤት በተላላኪነት የተቀጠረው። ሥራው ተራቸው የደረሰ ተዋንያንን ከመልበሻ ክፍላቸው ጠርቶ ወደ መድረክ ማድረስ ነበር። ቀስ በቀስ ቃል የሚጠፋባቸውን ተዋንያን ከመጋረጃ ጀርባ ሆኖ ወደ ማስታወስ፣ ከዚያም ወደ መድረክ ዝግጅት ረዳትነት አደገ። የቴአትር ቤቱ ባለቤትና ታላቅ ተዋናይ የነበሩት ሰር ኸርበርት ቢርቦም ትሪ ልጁ ያለውን ተሰጥኦ አይተው የንግግር ትምህርቱን ወጪ ከኪሳቸው ሸፈኑለት።

ይህን ማወቅ ድምፁን በሌላ ጆሮ እንድንሰማው ያደርጋል። ሬንስ በፊልም ውስጥ ሲናገር እያንዳንዱ ቃል ተቆርጦ፣ ተለክቶ፣ ጫፉ ሳይሸራረፍ ይወጣል። ብዙ ሰው ከመኳንንት ቤት የወጣ እንግሊዛዊ ይመስለዋል። ያ ድምፅ ግን ከልደት ያልተገኘ፣ ለዓመታት በልፋት የተሠራ ነው። ሬንስ ባለሥልጣን፣ ልዑል ወይም ሴናተር ሆኖ ሲመጣ ከንግግሩ በስተጀርባ ምንጊዜም የሚሰማኝ ጥንቃቄ አለ። ቦታውን በትግል ያገኘና እንዳይነጠቅ የሚሰጋ ሰው ጥንቃቄ ነው፤ ለተጫወታቸው ሰዎችም ነፍስ የሰጠው አንዱ ነገር ይኸው ይመስለኛል።

አንደኛው የዓለም ጦርነት ሲነሳ ለንደን ስኮቲሽ በተባለው ሬጅመንት ዘመተ። ኋላ በሆሊውድ ስማቸው የገነነው ባዚል ራትቦን፣ ሮናልድ ኮልማንና ኸርበርት ማርሻልም በዚሁ ሬጅመንት አገልግለዋል። በ1916 በፈረንሳይ፣ ቪሚ በተባለው ሥፍራ በደረሰ የመርዝ ጋዝ ጥቃት ሬንስ የአንድ ዓይኑን ብርሃን ከሞላ ጎደል አጣ። በተራ ወታደርነት ገብቶ በሻምበልነት ማዕረግ ተሰናበተ። ከዚያ ወዲህ የተጫወታቸውን ሰዎች ሁሉ የተጫወተው በአንድ ዓይኑ እያየ ነው። በፊልሞቹ ላይ ግን ይህን የሚያስታውቅ ምልክት ፈልጌ አላገኘሁም። ከጦርነቱ በኋላ በለንደን መድረኮች ተጫወተ፤ ትሪ ባቋቋሙት የድራማ አካዳሚም አስተማረ። ከተማሪዎቹ መካከል ጆን ጊልጉድና ቻርልስ ላውተን ይገኙበታል። እነዚህን ሁለት ሰዎች ያስተማረ ሰው ካሜራ ፊት ባይቆም እንኳ በትወና ታሪክ ውስጥ ስሙ ይነሳ ነበር።

ወደ አሜሪካ ተሻግሮ በኒውዮርክ መድረክ ከተጫወተ በኋላ ሆሊውድ የተቀበለው በ1933 ነው፤ ዕድሜው 44 ሊሞላ ነበር። ለተዋናይ ዘግይቶ መጀመር ነው። የመጀመሪያው የሆሊውድ ፊልሙ ደግሞ ፊቱ የማይታይበት ሆነ። ዳይሬክተሩ ጄምስ ዌል ከኤች. ጂ. ዌልስ ልቦለድ ለሠራው «የማይታየው ሰው» የሚፈልገው መልክ ሳይሆን ድምፅ ነበር። ግሪፈን የተባለው ሳይንቲስት ራሱን እንዳይታይ ያደረገ፣ ያም ኃይል አእምሮውን ያናወጠው ሰው ነው። ጭንቅላቱን በፋሻ ጠቅልሎ፣ ጥቁር መነጽር አድርጎ፣ በበረዶ ወደ አንድ የገጠር እንግዳ ማረፊያ ይገባል። ፋሻውን ሲፈታ ከሥሩ ምንም የለም። የጆን ፎልተን የካሜራ ብልሃት፣ ጥቁር ቬሉዶ ለብሶ በጥቁር ቬሉዶ ፊት እየቆሙ የማንሳት ዘዴው፣ ዛሬም ያስደንቃል። ፊልሙን የተሸከመው ግን ድምፁ ነው። ፊት በሌለበት፣ ዓይን በሌለበት፣ እጅ እንኳ በሌለበት ሬንስ የሰውየውን ቁጣ፣ ትዕቢትና ብቸኝነት በጉሮሮው ብቻ አሳየ። ፊቱን የምናየው በመጨረሻዎቹ ቅጽበቶች ነው፤ ግሪፈን ሞቶ፣ ቀስ በቀስ መታየት ሲጀምር።

በሌላ ሰው ላይ ቢሆን እንዲህ ያለ ጅማሬ የጭራቅ ፊልም ተዋናይ አድርጎ ያስቀረው ነበር። ሬንስን ያዳነው የሆሊውድ ስቱዲዮዎች አሠራር ነው ብል ያጋነንኩ አይመስለኝም። በዚያ ዘመን እንደ ዋርነር ብራዘርስ ያለ ስቱዲዮ ተዋንያኑን በኮንትራት አስሮ፣ በየዓመቱ በደርዘን የሚቆጠሩ ፊልሞች ያመርት ነበር። ለመሪ ተዋንያን ይህ እስር ነበር፤ ቤቲ ዴቪስ ከኮንትራቷ ለመውጣት ስቱዲዮውን ፍርድ ቤት እስከ መሞገት ደርሳለች፤ ባይሳካላትም። ለረዳት ተዋናይ ግን ተመሳሳዩ ሥርዓት የማያቋርጥ ልምምድ ሆነለት። መሪ ተዋናይ የተወደደበትን መልክ ጠብቆ መኖር አለበት፤ ረዳቱ ግን ዛሬ ልዑል፣ ነገ የመንደር ሙዚቀኛ፣ ከነገ ወዲያ ንጉሠ ነገሥት ቢሆን የሚቃወመው የለም። በ1938 ሬንስ «የሮቢን ሁድ ጀብዱዎች» በተባለው ባለቀለም ፊልም ቀይ ዊግ አድርጎ፣ ወንበሩ ላይ ተለጥጦ የሚያዝ፣ ጭካኔውን በፈገግታ የሚያቀርብ ልዑል ጆን ነበር። በዚያው ዓመት «አራት ሴት ልጆች» በተሰኘው ፊልም ቤቱን በሙዚቃ የሞላ ደግ አባት ሆነ። በቀጣዩ ዓመት «ሁዋሬዝ» ላይ የፈረንሳዩን ሦስተኛ ናፖሊዮን ተጫወተ።

1942 ደግሞ ለብቻው ሊወራለት ይገባል። በዚያ አንድ ዓመት አራት ፊልሞቹ ወጡ። «ሙንታይድ» ላይ በባሕር ዳር ከሚኖሩ የወደብ ሰዎች ጋር ውሎ የሚያድር፣ በሌሊት ዘብነት የሚተዳደር ፈላስፋ ነው። ከቀሩት ሦስቱ ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጡልኝ። «ኪንግስ ሮው» ላይ ሬንስ ዶክተር ታወር የተባለ፣ በትንሽ ከተማ ውስጥ በሩን ዘግቶ የሚኖር ሐኪም ነው፤ የገዛ ልጁን መርዞ ገድሎ ራሱን ያጠፋል። «ናው ቮየጀር» ላይ ደግሞ ዶክተር ጃክዊዝ የተባለ የአእምሮ ሐኪም ነው፤ በእናቷ ጭቆና የደቀቀችውን ቤቲ ዴቪስን ከቤቷ አውጥቶ ወደ ሕይወት ይመልሳታል። ሁለቱም ሐኪሞች ናቸው፣ ሁለቱም ዝግ ያሉ አዋቂዎች ናቸው፣ ሁለቱም በአንዲት ወጣት ሴት ሕይወት ላይ ሥልጣን አላቸው። አንዱ ያጠፋል፣ ሌላው ያድናል። ሬንስ አንዱን ከሌላው የለየው በሜካፕ ወይም በአነጋገር ስልት አይደለም። ታወር ሰው ሲያናግር ዓይኑን ያሸሻል፤ ጃክዊዝ ፒፓውን ይዞ በጸጥታ ያዳምጣል፤ የሚያናግረው ሰው ሐሳቡን እስኪጨርስ ድረስ አይቸኩልም። አራተኛው የዚያ ዓመት ፊልሙ «ካዛብላንካ» ነው።

ወደ ዋናው ጉዳይ ልመለስ። ከሦስቱ ፊልሞች የመጀመሪያው በ1939 ፍራንክ ካፕራ ያዘጋጀው «ሚስተር ስሚዝ ወደ ዋሽንግተን» ነው። ጄምስ ስቱዋርት የሚጫወተው ጄፈርሰን ስሚዝ የሕፃናት ማኅበር መሪ የሆነ የዋህ ወጣት ነው፤ በሞተ ሴናተር ምትክ ተሹሞ ዋና ከተማ ይገባል። ሬንስ ደግሞ የዚያው ክፍለ ሀገር አንጋፋ ሴናተር፣ ጆሴፍ ፔይን ነው፤ ነጭ ፀጉሩ የተጎነጎነ ያህል የተሰደረ፣ ሕዝብ የሚያከብረው፣ ለፕሬዚዳንትነት የሚታጭ ሰው። ከጀርባ ግን ጂም ቴይለር የተባለ ሀብታም የሚዘውረው ነው። ቴይለር በግድብ ሥራ ሰበብ የመሬት ዝርፊያ ሲያቀናጅ ፔይን በሴኔቱ ውስጥ መንገድ ይጠርግለታል።

በፊልሙ መጀመሪያ ሁለቱ በባቡር አብረው ወደ ዋሽንግተን ይጓዛሉ። የስሚዝ አባትና ፔይን በወጣትነታቸው ጓደኛሞች ነበሩ፤ አንዱ ጋዜጠኛ፣ አንዱ ጠበቃ ሆነው ለተጠቁ ሰዎች አብረው ተሟግተዋል። አባትየው ከአንድ የማዕድን ድርጅት ጋር ሲታገል በጽሕፈት ጠረጴዛው ላይ እንዳለ ከጀርባው ተመትቶ ተገድሏል። ወጣቱ ይህን እያስታወሰ፣ አንድ ሰው ብቻውን ከእንደዚያ ዓይነት ትልቅ ድርጅት ጋር ቢታገል የትም አይደርስም መሰለኝ፣ አይደል? ብሎ ይጠይቃል። ፔይን የሚመልሰው አንዲት ቃል ናት፤ አይደርስም። ሬንስ ይህችን ቃል ሲናገር ድምፁን ከፍ ወይም ዝቅ አያደርግም። ልጁን አያየውም። ፊቱ ላይ አንድ ነገር ብልጭ ብሎ ይጠፋል፤ ጓደኛው የሞተበትን መንገድ ትቶ በሕይወት መኖርን የመረጠ ሰው ፊት። ፔይን በኋላ ከ30 ዓመት በፊት ያደረገውን ምርጫ ለልጁ በአንደበቱ ያስረዳዋል፤ እኛ ግን ሁሉንም በባቡሩ ውስጥ አውቀነዋል።

ስሚዝ ከፊልሙ መጀመሪያ እስከ መጨረሻው ያው ስሚዝ ነው። እምነቱ ይናጋል፣ ተስፋ ሊቆርጥ ይደርሳል፤ የሚያምነው ነገር ግን አይለወጥም። በሴኔቱ ወለል ላይ ለ24 ሰዓት ያህል ቆሞ ሲናገር ድምፁ ይዘጋል፤ ፔይን በቴይለር ጋዜጦች የተቀሰቀሱ የተቃውሞ ቴሌግራሞችን በቅርጫት ያስመጣበታል። ልጁ ቴሌግራሞቹን እያየ ወደ ፔይን ዞሮ ጥቂት ቃላት ይናገርና ራሱን ስቶ ይወድቃል። ከዚህ በኋላ ጀግናው ምንም አያደርግም፤ ወለሉ ላይ ነው። ፊልሙን የሚጨርሰው ፔይን ነው። ከአዳራሹ ይወጣል፣ የጥይት ድምፅ ይሰማል፣ ራሱን ሊያጠፋ ሲል የያዙትን ሰዎች እየታገለ ተመልሶ ይገባና መባረር ያለብኝ እኔ ነኝ እያለ ይጮኻል። በወረቀት ላይ ሲነበብ ይህ መጨረሻ አይታመንም። ሙሰኛ ባለሥልጣን በአንድ ደቂቃ ውስጥ ንስሐ ሲገባ ማን አይቶ ያውቃል? እንድናምነው የሚያደርገን ሬንስ በሁለቱ ሰዓታት ውስጥ ያጠራቀመው ነገር ነው። ልጁ በተናገረ ቁጥር ፔይን ጎንበስ ይላል፣ ወረቀት ያገላብጣል፣ እጁን ግንባሩ ላይ ያደርጋል። ዕዳው በየትዕይንቱ ሲጨምር ስላየን ሲፈነዳ አንደነግጥም።

ወደ «ካዛብላንካ» ስመለስ የሚከራከረኝ ሰው እንደሚኖር አውቃለሁ፤ እዚህስ ጀግናው ሪክ ተለውጦ የለም ወይ ይላል። መልሱ ራሱ ሬኖ በሚናገረው ንግግር ውስጥ አለ፤ ኢትዮጵያዊ ተመልካች ደግሞ ይህን ንግግር በተለየ ጆሮ ይሰማዋል። ሪክ ለማንም ግድ እንደሌለው ሲናገር ሻምበሉ የሪክን የኋላ ታሪክ ይቆጥርበታል፦ በ1935 ለኢትዮጵያ መሣሪያ አስገብተሃል፣ በ1936 በስፔን ከሪፐብሊካኑ ጎን ተዋግተሃል ይለዋል። ሪክ በሁለቱም ጥሩ ተከፍሎኛል ብሎ ሊያስተባብል ሲሞክር፣ አሸናፊዎቹ ወገኖች የበለጠ ይከፍሉህ እንደነበር ነው ሬኖ የሚመልስለት። እንግዲህ ሪክ መጨረሻ ላይ የሚያደርገው ነገር ወደ ቀድሞ ማንነቱ መመለስ ነው። ሬኖ ግን የሚመለስበት የጀግንነት ታሪክ የለውም። ከናዚዎች ጋር ለተባበረው የፈረንሳይ የቪሺ መንግሥት ያደረ፣ ከአገር መውጫ ቪዛ በገንዘብ የሚሸጥ፣ የተቸገሩ ሴቶችን ደግሞ ከዚያ የከፋ ዋጋ የሚጠይቅ ሰው ነው። ቢሆንም የሰው ክብር ምን እንደሚመስል ያውቃል፤ በሌላ ሰው ላይ ሲያየው ዓመተ ምሕረቱን ሳይቀር ያስታውሳል። ሬንስ ይህን ንግግር በጨዋታ መልክ ነው የሚናገረው። ከጨዋታው ሥር ያለው አክብሮት ግን አይደበቅም፤ የአውሮፕላን ማረፊያው ውሳኔ የሚበቅለውም ከዚህች ዘር ነው።

ሬኖ የሪክን ቁማር ቤት የሚዘጋበት ትዕይንትም እንዲሁ ነው። እዚህ ቤት ቁማር መኖሩ አስደነገጠኝ ብሎ ቤቱን ሲያዘጋ፣ ቁማር አጫዋቹ መጥቶ ራሱ ሬኖ የበላውን ብር ያስረክበዋል። ሬንስ ብሩን ሲቀበል አያፍርም፣ ዓይኑንም አይጠቅስም፤ በዝቅታ አመስግኖ ኪሱ ይከትትና ወዲያው በታላቅ ድምፅ ሁሉም ሰው እንዲወጣ ያዝዛል። ማመስገኑና ማዘዙ በአንድ ትንፋሽ ነው። አጫዋቹን የሚጫወተው ማርሴል ዳሊዮ በፈረንሳይ የዣን ሬኖር ፊልሞች ላይ ዝናን ያተረፈ ተዋናይ ነበር፤ አይሁዳዊ በመሆኑ ከናዚዎች ሸሽቶ ሆሊውድ ገብቶ ነው እንዲህ ባለች ትንሽ ሚና የምናየው። «ካዛብላንካ» እንዲህ ባሉ ስደተኞች የተሞላ ፊልም ነው፤ ቪዛ ለማግኘት ደጅ መጥናት ምን እንደሆነ ከጽሑፍ ያልተማሩ ሰዎች ናቸው ሬንስን የከበቡት።

ሦስተኛው ፊልም የአልፍሬድ ሂችኮክ «ኖቶሪየስ» ነው፤ 1946። የሬንስን ችሎታ ጥግ የማየው እዚህ ነው። በሪዮ ዴ ጃኔሮ የሚኖረው አሌክሳንደር ሴባስቲያን የናዚ ወገን ነው፤ ጓደኞቹ በድብቅ የዩራኒየም ማዕድን ያከማቻሉ። የአሜሪካ ሰላዮች ኢንግሪድ በርግማን የምትጫወታትን አሊሺያን ይልኩበታል። አሊሺያና ኬሪ ግራንት የሚጫወተው ሰላይ ዴቭሊን ይፋቀራሉ፤ ዴቭሊን ግን በኩራቱና በቅናቱ ምክንያት አፍ አውጥቶ አትሂጂ አይላትም። ሴባስቲያን ደግሞ ከልቡ ይወዳታል፣ እናቱን ተቃውሞ ያገባታል። ፊልሙን ደጋግሜ ባየሁት ቁጥር ይህ ነገር ያስጨንቀኛል፤ ፍቅሩን ሳይሸሽግ የሚናገረው ክፉው ሰው ነው፣ ደጉ ሰው ግን ያቺን ሴት እንደ ዕቃ አሳልፎ ሰጥቷታል። ሂችኮክ ይህን አውቆ ነው የሠራው፤ ያለ ሬንስ ግን አይሳካለትም ነበር። በርግማን ከሬንስ በቁመት ትበልጥ ስለነበር ሂችኮክ አብረው ሲራመዱ ሬንስ የሚረግጠው ከፍ ያለ ሳንቃ አሠርቶ እንደነበር ራሱ ተናግሯል። ለእኔ ግን የቁመቱ ማነስ ለታሪኩ በጅቷል፤ ሴባስቲያን ሚስቱን ቀና ብሎ ነው የሚያያት፣ እንዲህ ያለች ሴት የእኔ ሆነች ወይ በሚል ዓይነት ጥርጣሬ።

በሴባስቲያን ቤት የተደረገው የግብዣ ሌሊት ያልፋል። ማዕድኑ የተደበቀበት የወይን ጠጅ መጋዘን ቁልፍ፣ «ዩኒካ» የሚል ጽሑፍ ያለበት፣ ከቁልፍ ማያያዣው ጠፍቶ ነበር፤ ጠዋት በቦታው ተመልሶ ያገኘዋል። ሬንስ ቁልፎቹን በጣቱ ይዞ ሲያይ አንድም ቃል የለም። ከዚያ እናቱ መኝታ ቤት ይገባል፤ ቁጭ ይላል፣ አያያትም፣ ከአሜሪካ ሰላይ ጋር ተጋብቻለሁ ይላታል። እናቲቱን የምትጫወተው ሌኦፖልዲን ኮንስታንቲን በዕድሜ ከሬንስ የምትበልጠው በአራት ዓመት ገደማ ብቻ ነው፤ በዚህ ትዕይንት ግን 56 ዓመት የሆነው ሬንስ የተቀጣ ልጅ መስሎ ይታየናል። ትከሻው ይወርዳል፤ ያ ተለክቶ የሚወጣ ድምፁ ይላላል። እሷ ሲጋራ ለኩሳ ምን መደረግ እንዳለበት ማሰብ ትጀምራለች። ሚስቱን ቀስ በቀስ በቡና ውስጥ መርዝ እየጨመሩ ለመግደል የሚስማሙት ከዚህ በኋላ ነው። ከደቂቃዎች በፊት ያዘንንለት ሰው ነፍሰ ገዳይ ሆነ፤ ያም ሆኖ ማዘናችን አያቆምም። ሬንስ ይህን የሚያደርገው ክፋቱን በማቅለል አይደለም። ሰውየው የሚያደርገውን ያውቃል፣ እኛም ማወቁን እናያለን።

መጨረሻው ደረጃ ላይ ነው። ዴቭሊን መርዙ ያደከማትን አሊሺያን ደግፎ ከፎቅ ያወርዳታል። ከታች የሴባስቲያን ጓደኞች ቆመው ያያሉ፤ ሚስቱ ሰላይ መሆኗን ካወቁ የሚገድሉት እነሱ ናቸው። ስለዚህ ጠላቱን ማስቆም አይችልም፤ እንዲያውም አብሮት መውረድ፣ ወደ ሐኪም ቤት እየወሰዷት ነው ብሎ መመስከር አለበት። ሬንስ በዚያ ደረጃ ላይ ወደ ታች ያያል፣ ወደ ዴቭሊን ያያል፣ ወደ እናቱ ያያል፤ በየእርምጃው አንድ መውጫ ሲዘጋበት ፊቱ ላይ እናነባለን። መኪናው ጋ ሲደርሱ ይዘውት እንዲሄዱ ይለምናል፤ ዴቭሊን በሩን ይቆልፍበታል። ከቤቱ ደጃፍ ይጠሩታል። ጀርባውን ሰጥቶን ደረጃውን ይወጣል፣ በሩ ከኋላው ይዘጋል፣ ፊልሙ ያበቃል። አፍቃሪዎቹ በመኪና ሄደዋል፤ ሂችኮክ ግን ካሜራውን የተወው ከተሸናፊው ጋር ነው። ሬኖ ራሱን አተረፈ፣ ፔይን ዘግይቶ ተናዘዘ፣ ሴባስቲያን ግን ምርጫውን በሙሉ ጨርሶ ባዶ እጁን ቀረ።

ከእነዚህ ሦስቱ ተለይቶ፣ ደግ ሆኖ የተጫወተበትን «ሚስተር ስኬፊንግተን»ን ሳልጠቅስ ባልፍ ቅር ይለኛል። በ1944 በተሠራው በዚህ ፊልም ሬንስ ጆብ ስኬፊንግተን የተባለ የዎል ስትሪት አይሁዳዊ ባለጸጋ ነው፤ በመልኳ የምትመካና የማትወደውን ሴት አግብቷል። ትዳሩ ሲፈርስ በአንድ ምግብ ቤት ውስጥ ትንሿን ልጁን ከእናቷ ጋር መቅረት እንደሚሻላት ሊያስረዳት ይሞክራል። አይሁዳዊነት የሚያስከትልባትን መከራ ለሕፃን በሚገባ ቋንቋ ሊነግራት ይጥራል፤ ልጅቱ እያለቀሰች አንገቱ ላይ ስትጠመጠም የያዘው መንፈሰ ጠንካራነት ይከዳዋል። በመጨረሻ ከናዚ ማጎሪያ ካምፕ ዓይነ ስውር ሆኖ ይመለሳል። የአንድ ዓይኑን ብርሃን በጦርነት ያጣው ሰው ይህን ሚና ሲጫወት ለርኅራኄ ብሎ አንዲት እርምጃ አያጋንንም፤ በዝግታ ይራመዳል፣ እጁን በትንሹ ይዘረጋል፣ ያ ይበቃል።

ለእነዚህ አራት ሚናዎች፣ ለፔይን፣ ለሬኖ፣ ለስኬፊንግተንና ለሴባስቲያን፣ በምርጥ ረዳት ተዋናይነት አራት ጊዜ ለኦስካር ታጨ። አንዱንም አላገኘም። የ1939ኙን የወሰደው ቶማስ ሚቸል በ«ስቴጅኮች» ነው፤ ሚቸል እዚያው «ሚስተር ስሚዝ» ውስጥም ከሬንስ ጋር ተጫውቷል። «ካዛብላንካ» የምርጥ ፊልም፣ የዳይሬክተርና የስክሪፕት ሽልማቶችን ሲያፍስ ሬንስን ቻርልስ ኮበርን ቀደመው። በ1944ቱ ባሪ ፊትዝጀራልድ አሸነፈ። ለ«ኖቶሪየስ» የሚገባውን ደግሞ ሃሮልድ ራስል አገኘ፤ ራስል ሁለት እጆቹን በሠራዊቱ ውስጥ ሳለ በፈንጂ አደጋ ያጣ፣ «የሕይወታችን ምርጥ ዓመታት» በተባለው ፊልም የራሱን መሰል ወታደር የተጫወተ ሰው ነው። በዚያች ሌሊት ለራስል የተነሳውን ጭብጨባ ማንም አይቃወምም። እንደ ትወና ግን የሴባስቲያንን ያህል ሥራ በዚያ ዓመት፣ በመሪ ተዋንያን ዘንድም ቢሆን፣ አላየሁም።

ሽልማት ያገኘው በመድረክ ነው፤ በ1951 ከአርተር ኬስትለር ልቦለድ በተወሰደው «ጨለማ በቀትር» ተውኔት ላይ የታሰረውን አንጋፋ አብዮተኛ ሩባሾቭን ተጫውቶ የቶኒን ሽልማት ወሰደ። በ1939 የአሜሪካ ዜግነት ካገኘ ወዲህ በፔንሲልቬንያ እርሻ ገዝቶ፣ ከፊልም ሲመለስ የሚውለው ከመሬቱና ከከብቶቹ ጋር ነበር። በ1962 በዴቪድ ሊን «የዓረቢያው ሎሬንስ» ላይ የእንግሊዝ መንግሥት ሰው የሆነው ድራይደን ሆኖ ሲመጣ ዕድሜው ከ70 አልፏል፤ ሁሉን የሚያውቅ፣ ጥቂት የሚናገር፣ እጁን ሳያቆሽሽ የሌሎችን ዕጣ የሚወስን ሹም። የመጨረሻ ፊልሙ በ1965 የወጣው ስለ ኢየሱስ ሕይወት የሚተርከው «ታላቁ ታሪክ» ነው፤ በዚያ ላይ ሄሮድስን ተጫወተ። በግንቦት 1967 በ77 ዓመቱ ኒው ሃምፕሸር ውስጥ ዐረፈ።

ሬንስን ገና ለማያውቅ አንባቢ የምመክረው በ«ካዛብላንካ» እንዲጀምር ነው፤ ቀጥሎ «ሚስተር ስሚዝ»፣ በመጨረሻ «ኖቶሪየስ»። የመጀመሪያ ጊዜ ታሪኩን ተከተሉ። ሁለተኛ ጊዜ ስታዩት ግን ኬሪ ግራንትንና በርግማንን ተዋቸውና፣ ሴባስቲያን ከታየበት ሰዓት አንስቶ እስከዚያ ደረጃ ድረስ፣ ንግግሩ የሌላ ሰው በሆነበት ጊዜ ሁሉ ሬንስን ብቻ ተመልከቱ።